ክረምት ከብስክሌት ነጂ ምን ይወስዳል?

ከአንድ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ



ሰኔ ገብቶ ሰማዩ መጥቈር ሲጀምር በየትምህርት ቤታችን ግቢ አንድ ለውጥ ይታያል። በግንቦት ወር ከዛፍ ሥርና ከግድግዳ ጥግ ተደርድረው የነበሩት ብስክሌቶች ቍጥራቸው እያነሰ ይሄዳል። ከፊሎቹ በየተከራዩበት ቤት በረንዳ ላይ ይቆማሉ፤ ጎማቸው ይተነፍሳል፤ ካቴናቸው ይዝጋል፤ መስከረም ሲጠባም ባለቤቶቻቸው የማሳደሻ ገንዘብ ፍለጋ ይንከራተታሉ። ምክንያቱን የጠየቃችሁ እንደ ሆነ መልሱ አጭር ነው፤ «ክረምት ነዋ!» ይሏችኋል።

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ይህን አጭር መልስ ነው። ክረምት ከብስክሌት ነጂ የሚወስደው ፍጥነቱን ነው ወይስ የመንዳት ፍላጎቱን? ሁለቱንም የሚወስድ ከሆነስ አብልጦ የሚወስደው የትኛውን ነው? ጥያቄው የጨዋታ ቢመስልም ከኪሳችን ጋር የተያያዘ ነው። ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ተማሪ ብስክሌት መዝናኛ አይደለም። በየቀኑ ለታክሲና ለባጃጅ ይከፈል የነበረውን ገንዘብ ለእራትና ለፎቶ ኮፒ የሚያተርፍለት ዕቃ ነው። ስለዚህ ብስክሌቱን ለሦስት ወር የሚያስቆመው ነገር ምን እንደ ሆነ በቅጡ ማወቅ ይገባዋል፤ ጠላቱን ያላወቀ ሰው መከላከያውን አያውቅምና።

ሀ/ «ክረምት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ ቃሉን ማጥራት ያስፈልጋል። የፈረንጆቹን የብርድ ወራት ስም መዝገበ ቃላቶቻችን «ክረምት» ብለው ይፈቱታል። ትርጓሜው ግን ሰውን ያሳስታል። በእኛ አቈጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው የዝናብ ወቅት ነው፤ ከእርሱ በኋላ መጸው፣ በጋና ጸደይ በየተራቸው ይከተላሉ። በሰሜን አውሮፓ ያለው ግን ውሃው ወደ በረዶ የሚለወጥበት፣ ፀሐይም እንደ እንግዳ ጥቂት ታይታ የምትመለስበት ጊዜ ነው። በእኛ ደጋ አገር ሌሊቱ አጥንት ድረስ የሚዘልቀው ሰማዩ በጠራበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በሐምሌ ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የምድሩን ሙቀት ስለሚይዝ የሌሊቱ ብርድ ያን ያህል አይከፋም።

እንግዲህ ሁለት ክረምቶች አሉ ማለት ነው፤ የብርድና የዝናብ። ስለ ክረምትና ስለ ብስክሌት ብዙ ጥናት የተደረገው በብርዱ አገር ስለ ሆነ ከዚያ እንጀምራለን፤ ከዚያም የተማርነውን ይዘን ወደ ራሳችን ጭቃ እንመለሳለን።

ለ/ ብርድ ከፍጥነት ላይ የሚወስደው

ብስክሌት ነጂ በሜዳ ላይ ሲሄድ ጕልበቱን የሚበሉት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፊት ለፊት የሚቋቋመው አየር ነው። ሁለተኛው ጎማው በመንገዱ ላይ ሲንከባለል የሚፈጠረው መጐተት ነው። ዳገት ሲመጣ የራሱ ክብደት ሦስተኛ ሆኖ ይጨመራል፤ ነገር ግን ዳገቱ በበጋም በክረምትም ያው ዳገት ስለ ሆነ እዚህ አንቈጥረውም።

አየር ሲቀዘቅዝ ይጠባል፤ ሲጠብም ይከብዳል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲደርስ ያው አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.34 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ነጂው የሚገፋው አየር ከመቶ 11 ያህል ከበደ ማለት ነው። በዚህ ላይ ወፍራም ካፖርትና ሹራብ ሲደራርብ የገላው ስፋት ስለሚጨምር አየሩ የሚይዘው ቦታ ይበዛል።

ጎማውም ከብርዱ አያመልጥም። የጋዝ ግፊት ከሙቀቱ ጋር አብሮ እንደሚወርድ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ተምረናል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ቤት ውስጥ በ4 ባር ግፊት የተነፋ ካላማዳሪ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወደ ሆነ አደባባይ ሲወጣ፣ ማንም ሳይነካው ግፊቱ ወደ 3.5 ባር ይወርዳል። ጎማው ራሱ በብርድ ስለሚደርቅ እንደ ልቡ አይተጣጠፍም፤ በተጣጠፈ ቍጥርም ከነጂው ጕልበት ጥቂት ቀንሶ ወደ ከንቱ ሙቀት ይለውጠዋል። በመሽከርከሪያው ውስጥ ያለው ግራሶም ይወፍራል።

ይህ ሁሉ ሲደመር ስንት ይሆናል? ለምሳሌ ያህል እናስላው። አንድ ጤነኛ ወጣት ሳይጨነቅ ለብዙ ደቂቃ ሊሰጠው የሚችለው ጕልበት 100 ዋት ነው እንበል። ከነብስክሌቱ 85 ኪሎ ይመዝናል፤ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይነዳል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ የጎማው መጐተት 7 ኒውተን ያህል ነው። በባሕር ወለል ከፍታና በ20 ዲግሪ ሙቀት ይህ ሰው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አሁን አየሩን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ እናድርገው፤ ለካፖርቱ ከመቶ 10 እንጨምርበት፤ የጎማውን መጐተት ከ7 ወደ 9 ኒውተን እናሳድገው። ሒሳቡ ሲሠራ ፍጥነቱ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ከትምህርት ቤቱ 6 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ከሆነ በሞቃቱ ቀን 18 ደቂቃ፣ በብርዱ ቀን 20 ደቂቃ ይፈጅበታል። ያ ሁሉ ብርድ የወሰደበት ሁለት ደቂቃ ነው። ጓንቱን ፈልጎ እስኪያገኝ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ያጠፋል። አንባቢ ይህን ቍጥር እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የቀረው ነገራችን ሁሉ በእርሱ ላይ የሚመሠረት ነውና። በእርግጥ ያልተጠረገ አዲስ በረዶ ላይ የሚነዳ ሰው ሁኔታው ሌላ ነው፤ ጎማው እንደ አሸዋ ይሰምጥበታል፤ አንዳንዴም ወርዶ መግፋት ግድ ይሆንበታል። ያ ግን የመንገዱ ጕዳይ ነውና በስፍራው እንመጣበታለን።

ሐ/ ብርድ ከሰውነት ላይ የሚወስደው

ብስክሌት ነጂ የገዛ ነፋሱን ይዞ ይዞራል። ዛፉ ሳይነቃነቅ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊቱን ይመታዋል። ነፋስ ብርድን እንዴት እንደሚያብሰው የለኩት ፖል ሳይፕልና ቻርልስ ፓሰል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። በአንታርክቲካ ምድር በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውሃ ሞልተው፣ በነፋስ ፊት ሰቅለው፣ በስንት ጊዜ እንደሚረጋ መዘገቡ፤ ውጤቱንም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1945 አሳተሙ። ካናዳና አሜሪካ በ2001 ስሌቱን አሻሽለውታል። በተሻሻለው ስሌት መሠረት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሆነ አየር በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ለተራቈተ ቆዳ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል።

ከዚህ በጣም የሚጐዱት ጣቶች ናቸው። እግር እየሠራ ይሞቃል፤ ጣት ግን መሪውን ጨብጦ ዝም ብሎ ስለሚቆይ ደሙ ይሸሸዋል። የደነዘዘ ጣት ፍሬን በጊዜው አይዝም። ስለዚህ ብርድ ባለበት አገር ጓንት ከደኅንነት ዕቃ ይቈጠራል። ሌላው አካል ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በራሱ ሥራ ይሞቃል። ከቤቱ ሲወጣ በደንብ የሞቀው ሰው መንገዱን ሳያጋምስ በላብ ይጠመቃል፤ ያ ላብ ሲቆም ይቀዘቅዝና ክፍል ውስጥ ያንቀጠቅጠዋል። የለመዱት ሰዎች ሲነሡ ጥቂት ብርድ ብርድ እስኪላቸው ድረስ ልብሳቸውን የሚቀንሱት በዚህ ምክንያት ነው።

መ/ ታዲያ ሰው ለምን ይተዋል?

የብርዱ ዋጋ ሁለት ደቂቃና ጥንድ ጓንት ከሆነ በብርድ አገር ብስክሌት የሚተወው ሰው ለምን በዛ? በርግስትረምና ማግኑሶን የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች በሁለት ከተሞች በአራት ትልልቅ ድርጅቶች የሚሠሩ አንድ ሺህ ሰዎችን ጠይቀው ያገኙትን በ2003 አሳትመዋል። ከበጋ ወደ ክረምት ሲታለፍ በብስክሌት ወደ ሥራ የሚደረገው ጕዞ ከመቶ 47 ይቀንሳል፤ የመኪናው ጕዞ ከመቶ 27 ይጨምራል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረን ግን የመልሶቹ ልዩነት ነው። በበጋ እየነዱ በክረምት የሚተዉት ሰዎች ትልቁ ምክንያታችን ብርዱ፣ ዝናቡና በረዶው፣ እንዲሁም የመንገዱ ሁኔታ ነው አሉ። ክረምቱን ሙሉ የሚነዱት ለሰውነት ማጠንከሪያ ብለን ነው አሉ። ስለሚፈጀው ጊዜ ከሁሉ አብልጠው የተጨነቁት በበጋም በክረምትም ብስክሌት የማይነዱት ናቸው! ፍጥነት የሚያሳስበው ያልሞከረውን ሰው ነው ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ አያይዘውም የብስክሌት መንገዱ ጥገና በክረምት ቢሻሻል የብስክሌት ጕዞ ከመቶ 18 ሊጨምር፣ የመኪና ጕዞ ከመቶ 6 ሊቀንስ እንደሚችል ገምተዋል። ብርዱን ማንም ሊቀንሰው አይችልም፤ መንገዱን ግን መጥረግ ይቻላል።

ይህን በተግባር ያሳየችው በፊንላንድ ሰሜን ያለችው የኦውሉ ከተማ ናት። ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ይኖርባታል፤ ዩኒቨርሲቲዋ የተቋቋመው በ1958 ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ብርሃን የሚታየው ከ4 ሰዓት ለሚያንስ ጊዜ ነው፤ የጥር ብርድ በአማካይ ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ሆኖም ከመኪናው መንገድ ተለይቶ የተሠራ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድ አላት፤ ይህንንም ሕዝቡ ሥራ ሳይገባ በማለዳ የሚጠርጉ ሠራተኞች አሉ። በረዶውን በጨው እያቀለጡ ጭቃ አያደርጉትም፤ ጠርገው የቀረውን ይጠቀጥቁታል፤ እንዳያንሸራትትም ጠጠር ይበትኑበታል። ከዚያ ከተማ ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ከ1,200 ሕፃናት 1,000 ያህሉ ከዜሮ በታች 17 ዲግሪ በሆነ ቀን እንኳ በብስክሌት እንደሚመጡ ተጽፏል። ስለ ክረምት ብስክሌት የሚመክር የዓለም ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበውም በ2013 በዚሁ ከተማ ነው።

የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሀገንም ተመሳሳይ ትምህርት ትሰጣለች። በረዶ ሲወርድ ዋና ዋናዎቹ የብስክሌት መንገዶች ከመኪናው መንገድ ቀድመው ይጠረጋሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ነዋሪዎቹን ለምን ብስክሌት እንደሚነዱ በየጊዜው ይጠይቃል። ብዙዎቹ የሚሰጡት መልስ ስለ ጤናም ስለ አየር ንብረትም አይደለም፤ ፈጣንና ቀላል ስለ ሆነ ነው ይላሉ። እነዚህን ሰዎች ማንም በስብከት አላሳመናቸውም። መንገዱ ከተመቸ እግር ራሱ ይመርጣል።

ሠ/ የእኛ ክረምት

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ለምሳሌ የሚሆነን የባሕር ዳር ከተማ ነው፤ ሜዳ በመሆኑና ወንድም ሴትም በብስክሌት የሚሄድበት በመሆኑ የታወቀ ነውና።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ በባሕር ወለል ላይ ካለው ከመቶ 20 ያህል ይቀላል። ስለዚህ የዚያው የ100 ዋት ነጂ ፍጥነት በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ይሆናል። (አየሩ የሳሳውን ያህል ለሳንባ የሚደርሰው ኦክስጅንም ያንሳል፤ ለአገሩ ሰው ግን ይህ ልማዱ ነው።) በክረምት የዝናብ ልብስ ሲለብስና አስፋልቱ ሲረጥብ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ነገር ግን መንገዱ ጭቃ ከሆነና የጎማው መጐተት ወደ ሦስት እጥፍ ካደገ ፍጥነቱ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ6 ኪሎ ሜትር ጕዞ ስናሰላው በደረቁ አስፋልት 17 ደቂቃ፣ በረጠበው አስፋልት 18 ደቂቃ፣ በጭቃው 26 ደቂቃ ማለት ነው። ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ አንድ ደቂቃ ሲወስድ በምድር ላይ የቀረው ጭቃ ዘጠኝ ደቂቃ ወሰደ!

ይህም ሒሳብ ለመልካሙ ጭቃ ነው። የዋልካ መሬት ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዋልካ ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቅና ቸርኬውን ጨርሶ ያቆመዋል። በዚያን ጊዜ ብስክሌቱ ነጂውን መሸከሙ ይቀርና ነጂው ብስክሌቱን ይሸከማል።

ከፍጥነት ይልቅ አደጋው ይከፋል። በተለይ ሦስቱን ልጥቀስ። አንደኛ፣ ቸርኬው ሲረጥብ የፍሬኑ ላስቲክ አይዝም። በብዙዎቻችን ብስክሌት ላይ እንዳለው የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ላስቲኩ ውሃውን ጠርጎ እስኪጨርስ ድረስ ብስክሌቱ መሄዱን አይተውም። ስለዚህ በዝናብ የሚነዳ ሰው ከመቆሚያው ቀደም ብሎ ፍሬኑን በቀስታ ነካ ነካ እያደረገ ቸርኬውን ማድረቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅም፤ ክዳኑ የጠፋ የውሃ መውረጃም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ በአንድ እጁ ጃንጥላ ይዞ የሚነዳ ሰው ያለው አንድ ፍሬን ብቻ ነው፤ ጃንጥላውም ነፋስ ሲመጣ እንደ ጀልባ ሸራ ሆኖ ወደ መኪናው መንገድ ሊጐትተው ይችላል።

አዲስ አበባ ከፍታዋም ዳገቷም ከባሕር ዳር ይበልጣል፤ ስለዚህ የብስክሌት ሰው ጥቂት ነበረባት። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2024 ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሥራ በአንዳንድ ዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መንገድ ተለይቶ ተሠርቷል። ሥራው በጎ ነው። ነገር ግን ከኦውሉ እንደ ተማርነው፣ መንገድ መሥራትና መንገድን በክፉ ወቅት ክፍት አድርጎ ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጎርፍ ያመጣውን አሸዋና ደለል በማግሥቱ የሚጠርገው ሰው ከሌለ መንገዱ የሚያገለግለው በበጋ ብቻ ይሆናል።

ረ/ ስለ ልብ

መንገዱ ተጠርጎም ሳይነሡ የሚቀሩ አሉ። የዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው?

በበኩሌ እንደምገምተው ነገሩ የሚበላሸው በጧት ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቶ የጣሪያ ቆርቆሮ ሲንጫጫ የሚሰማ ሰው፣ ዝናቡን የሚመዝነው በቆርቆሮው ድምፅ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ አጋናኝ ነው። በዚያ ሰዓት «ዛሬ ልንዳ ወይስ አልንዳ?» ብሎ መጠየቅ የጀመረ ሰው መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ልማድ ያለው ሰው ግን ጥያቄውን አይጠይቅም፤ ጫማውን እንደሚያስር ሁሉ ብስክሌቱን ያወጣል። ፔተር ጎልቪትዘር የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቡና ምሁር በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ «እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ብቻ የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያደርገው ይቀራል። «እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ጊዜውንና ስፍራውን አስቀድሞ የወሰነ ሰው ግን ሐሳቡን የመፈጸም ዕድሉ ይሰፋል። ለእኛ ሲተረጐም፣ «ሁለት ሰዓት ላይ ካፊያ ከሆነ የዝናብ ልብሴን ለብሼ እነዳለሁ፤ ነጐድጓድ ወይም በረዶ ከሆነ በታክሲ እሄዳለሁ» ብሎ ማታውኑ መወሰን ነው። ውሳኔው ከአልጋ ላይ ተነሥቶ ወደ ማታው ሲዛወር ስንፍና ድምፅ አይኖረውም።

ነገር ግን ሁሉን በስንፍና ማሳበብ ትልቅ ስሕተት ይመስለኛል። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች «መጥፎ ልብስ እንጂ መጥፎ አየር የለም» የሚል አባባል አላቸው። አባባሉ ለአባባልነቱ ያምራል፤ የተነገረው ግን ልብስ መግዣ ባለው ሰው አፍ ነው። አንድ ሹራብና አንድ ጫማ ብቻ ያለው ተማሪ ጧት ከበሰበሰ እስከ ማታ በስብሶ ይውላል፤ ማታ ያጠበው በማግሥቱ አይደርቅለትም። ደብተሩ ከራሰ ደግሞ የሴሚስተሩ ድካም ከነቀለሙ ፈሰሰ ማለት ነው። ይህን ሰው «ፍላጎት የለህም» ብሎ መውቀስ አይገባም። በአንጻሩም፣ የታክሲ ገንዘብ ስለሌለው ብቻ በዶፍ ዝናብ የሚነዳውን ሰው «ብርቱ ፍላጎት አለው» ብሎ ማመስገን ሌላ ስሕተት ነው። ፍላጎት የሚባለው ነገር መመርመር የሚጀምረው ምርጫ ባለበት ስፍራ ነው፤ ምርጫ በሌለበት ስፍራ ያለው ችግር ብቻ ነው።

እንግዲህ «ክረምት ነዋ!» በሚለው አጭር መልስ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ተደብቀው ይገኛሉ። ከሁሉ የሚያንሰው የአየሩ ጠባይ ነው፤ ከፍጥነታችን የሚወስደው የአንድ ወይም የሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ሁለተኛው የመንገዱ ሁኔታ ነው፤ ይህ ጊዜንም ደኅንነትንም ይወስዳል፤ ማስተካከሉም የጋራ ሥራ ነው። ሦስተኛው የነጂው ዝግጅት ነው፤ ይህም ከፊሉ በልቡ፣ ከፊሉ በኪሱ የሚወሰን ነው። ሦስቱን ለይቶ ያላየ ሰው፣ በመንገዱ ጥፋት ራሱን ይወቅሳል፤ ወይም በራሱ ስንፍና ሰማዩን ይከሳል።

ሰ/ ምን ይደረግ?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። የክረምት ዝግጅት በግንቦት መሆን አለበት። ገንዘብ ብዙ የማይጠይቁትን እዘረዝራለሁ።

1. ያለቀ የፍሬን ላስቲክ ከሰኔ በፊት ይለወጥ። ለክረምት ብስክሌት ከሁሉ የሚቀድመው ወጪ ይህ ነው።

2. ካቴናው ዝናብ በመታው ቍጥር በጨርቅ ተጠርጎ ጥቂት ዘይት ይቀባ። ዝናብ ዘይቱን አጥቦ ሲወስደው ዝገት በአንድ ሌሊት ይጀምራል።

3. ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት ፓራፋንጎ ይግጠም። ነጂውን አብዝቶ የሚያበሰብሰው ከላይ የሚወርደው ሳይሆን ከኋላ ጎማው ተረጭቶ ጀርባው ላይ የሚወጣው ጭቃ ነው።

4. ደብተርና መጽሐፍ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ይያዝ፤ ደረቅ ካልሲም አብሮ ይቀመጥ። ደረቅ ካልሲ ያለው ተማሪ ከሰዓት በኋላ ያለውን ትምህርት በሰላም ይከታተላል።

5. ደመና ሲከብድ መኪና ነጂው ብስክሌቱን በሩቅ አያየውም። ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ መልበስና ከኋላ አንጸባራቂ ማድረግ ሕይወት ያተርፋል።

6. መንገድ የሚመረጠው በርዝመቱ ብቻ አይሁን። ከላይ ባየነው ሒሳብ በጭቃው 14፣ በረጠበው አስፋልት 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከተሄደ፣ 6 ኪሎ ሜትር ጭቃን ትቶ 8 ኪሎ ሜትር አስፋልት የዞረ ሰው ከጭቃው ሰው ቀድሞ ይደርሳል።

ከዚህ ያለፈው ለአንድ ሰው አቅም አይሆንም። የብስክሌት ማቆሚያ ጣሪያ፣ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ባለው ጭቃ ላይ የሚፈስ ጥቂት ጠጠር፣ የበሰበሰ ልብስ የሚሰቀልበት አንድ ክፍል፣ አንድ የጋራ ፓምፕ፤ እነዚህ በማኅበር የሚሠሩ ነገሮች ናቸው። ሰው በማኅበር የሚደራጀው ብቻውን ሊሸከም የማይችለውን ለመሸከም ነውና፣ የተማሪዎች ማኅበራችን ከስብሰባዎቹ አንዱን ለዚህ ጕዳይ ቢያውለው ጊዜው የሚባክን አይመስለኝም። የኦውሉ ልጆች ከእኛ ልጆች ይልቅ ጀግኖች ሆነው አልተወለዱም። ሌሊት ተነሥቶ በረዶውን የሚጠርግላቸው ሰው አላቸው።

ለክበብ ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

1. ከመኖሪያችሁ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ በደረቅ ቀንና በዝናብ ቀን በሰዓት ለክታችሁ አወዳድሩ። ልዩነቱን ያመጣው ዝናቡ ነው ወይስ መንገዱ?

2. ለ10 ብስክሌት ማቆሚያ የሚሆን ጣሪያ ለመሥራት ስንት ቆርቆሮና ስንት እንጨት ያስፈልጋል? ዋጋው ለአባላት ሲካፈል ከስንት ቀን የታክሲ ሒሳብ ጋር ይተካከላል?

3. በምርጫ የሚነዳና በችግር የሚነዳ ተማሪ ከማኅበሩ የሚፈልጉት ነገር አንድ ነው ወይስ የተለያየ?